መጀመሪያ ደብተር፣ ከዚያ መፍቻ

«ወዴት ጠፋህ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ መልሱ አጭር ነው፤ ዲትሮይት ነበርኩ። አዎ፣ ያቺ የመኪና አገር የምትባለው የአሜሪካ ከተማ! የአክስቴ ልጅ እዚያ ይኖራል። በ20 ዓመት ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነው የምለው። ባለፈው ክረምት ትኬት ቆርጦ ወሰደኝና ሦስት ሳምንት እሱ ዘንድ ከረምኩ።

መቼም አሜሪካ ደርሶ ለመጣ ሰው የሚቀርበው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ፎቁስ? ሱቁስ? ቺኮቹስ?» ይላሉ የሰፈር ልጆች። እኔ ግን እውነቱን ልናገር። ሦስቱን ሳምንት አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከጋሼ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ በአንድ የወረደ ሞተር ዙሪያ ነው። አትሳቁ! 12ኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሰፈራችን ካለ ጋራዥ ሁለት ዓመት በረዳትነት ሠርቻለሁ። «ካቻቢቴ አቀብል፣ ዳዶ ልቀም፣ ቤንዚን በጎማ ሳብ» እየተባልኩ ነው የጎረመስኩት። የቤንዚኑ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ስለዚህ የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ረጅም ጎዳና፣ ስለ አንድ አሮጌ መኪናና ስለ አንድ የተማሪ ደብተር ነው። በመሀሉ ትዳርም ይገባበታል። ተከተሉኝማ!

ውድዋርድ የሚሉት ጎዳና

ዲትሮይት ስትደርሱ ቶሎ ጆሯችሁ ውስጥ የሚገባው ስም «ውድዋርድ» ነው። ካናዳ ከማዶ ከምትታይበት ከወንዙ ዳር ይነሳና በሰሜን ምዕራብ በኩል ፖንቲያክ እስከምትባለው ከተማ ድረስ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝና፣ በ1909 እዚሁ ጎዳና ላይ አንድ ማይል መንገድ በኮንክሪት ተነጠፈ። ያኔ ሰው ከሩቅ እየመጣ የሚያየው ጉድ ነበር አሉ።

ከመሀል ከተማው ትንሽ ወጣ እንዳላችሁ ሃይላንድ ፓርክ ላይ የፎርድ አሮጌ ፋብሪካ ቆሟል። በ1913 ፎርድ መኪናውን እያንቀሳቀሰ፣ ሠራተኛውን ባለበት እያቆመ መገጣጠም የጀመረው እዚህ ነው። ከዚያ በፊት አንዱን መኪና ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ዛሬ ሕንፃው ጭር ብሏል። እንዲያውም ከተማዋ ራሷ ብዙ ቦታ ላይ ጭር ብላለች። በ1950 1.85 ሚሊዮን ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2020 ቆጠራ 639 ሺህ ሰው ተገኘባት። በ2013 ደግሞ ከስሬያለሁ ብላ ፍርድ ቤት ቀርባለች። አሁን መሀል ከተማው መልሶ ደምቋል፤ ካፌው፣ ሙዚቃው፣ «ኮኒ» የሚሉት የተፈጨ ሥጋ የሚደፋበት ሳንዱች ሁሉ አለ። ግን ከዋናው መንገድ ሁለት ሦስት ቅያስ ስትገቡ ባዶ ሣር የበቀለበት፣ ቤት የነበረበት መሬት ታያላችሁ።

የጋሼ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። አማርኛው ትንሽ ይንሸራተታል እንጂ ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ቀን እዚያው ውድዋርድ ላይ ወዳለው የሥዕል ሙዚየም ወሰደኝ። የሜክሲኮው ሠዓሊ ዲዬጎ ሪቬራ በ1932 እና በ1933 አራቱንም ግድግዳ በፋብሪካ ሥዕል ሞልቶታል። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ሠራተኞቹ የፎርድን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሲያወጡ፣ ሲቦረቡሩ፣ ሲገፉ ይታያል። ልጁ በጣቱ እያሳየ «ይሄ ብሎክ ነው፤ አባዬ ጋራዥ ውስጥ ያለው ዓይነት» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መላእክት እንደሚሳሉ እነዚህ ሰዎች ሞተር ሥለዋል። ያኔ ነው የዚህች ከተማ ነገር የገባኝ።

ባለ ጡንቻዎቹ

«መስል ካር» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ባለ ጡንቻ መኪና ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ መካከለኛ ቁመት ያላት፣ ዋጋዋ ብዙም የማይከብድ ባለ ሁለት በር መኪና ትወሰድና የትልቁ መኪና ሞተር ይገባባታል። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋ የሚላት በ1964 የወጣችውን ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። የጄኔራል ሞተርስ አለቆች ለዚያ ቁመት መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባ ደንብ አውጥተው ነበር። እነ ጆን ዲሎሪያን ግን 389ኙን ሞተር «ለፈለገ ደንበኛ የሚጨመር ዕቃ ነው» ብለው በጎን አስገቡት። ተንኮል ማለት ይሄ ነው! በዚያው ዓመት 32,450 ተሸጠች፤ አለቆቹም ዝም አሉ።

ያን ዘመን የውድዋርድ ሌሊት ሌላ ነበር። ወጣቱ ከአንዱ በርገር ቤት ወደ ሌላው እየነዳ በየትራፊክ መብራቱ ይፎካከራል። የፋብሪካ መሐንዲሶች ሳይቀሩ ያልወጣ ሞተር ደብቀው አምጥተው ከልጆቹ ጋር ይሞክሩ ነበር። በ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ላይ የገባው 454 ሞተር 450 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጻፈለት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወረደ። ለጭስ ቁጥጥር ሲባል ከ1971 ጀምሮ ሞተሮቹ ኮምፕሬሽናቸው ተቀነሰ፤ የኢንሹራንስ ክፍያው ናረ፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። ፖንቲያክ የሚባለው መኪና ራሱ በ2010 ቀረ። የሼቭሮሌት ካማሮም በ2023 መጨረሻ ከምርት ወጥታለች።

ፍቅሩ ግን አልቀረም። ከ1995 ጀምሮ በየዓመቱ ኦገስት ወር በሦስተኛው ቅዳሜ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ወደ ውድዋርድ ይወጣል። ጋሼ ለልጁ «የዘንድሮው ኦገስት በራሳችን መኪና እንወጣለን» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ወጋችን እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ሞተር እንዴት ሞተ?

ጋሼ የ1969 ካማሮ አለችው። ቀይ ናት፤ ቀለሟ ትንሽ ደብዝዟል። 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 5.7 ሊትር ሞተር ነው ያላት። ለዓመታት ማታ ማታ ታክሲ እየነዳ፣ ቀን መጋዘን እየሠራ ያጠራቀመውን ነው ያፈሰሰባት። ከሁለት ዓመት በፊት ሞተሩን አወረደና ራሱ ገጣጠመው። ዕቃውን የገዛው በቅናሽ ሲያገኝ ሲያገኝ ነው፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ከወር በኋላ። ምኑ ከምኑ ጋር እንደሚስማማ የጻፈው ነገር አልነበረም።

ሞተሩ የተነሳ ቀን እኔም ነበርኩ። ማለቴ አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ቪዲዮ። ጋሼ ስልኩን ኮፈኑ ላይ ደግኖ «ስማው! ስማው!» ይለኛል፤ እኔም «ጎሽ ጋሼ! አንበሳ!» እያልኩ አጨበጭባለሁ። ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ዱብ ዱብ እያለ 20 ደቂቃ ያህል አወራን። አክስቴን አስጠራን፤ አክስቴም እልል አለች።

ለካ ሞተሩን እየቀበርነው ነበር! የዚያ ዓይነቱ አሮጌ ካምሻፍት ቫልቩን በሚገፋው ብረት ላይ እየታሸ ነው የሚሠራው። አዲስ ሲሆን መጀመሪያ እንደተነሳ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ መያዝ አለበት፤ ዘይቱ እየተረጨ የሚደርስለት ያኔ ነው። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት መሆን ይገባዋል። ዝቅ ባለ ዙር ከተተወ የካሙ ጉብታ ይላጫል። የተላጨው የብረት ዱቄት ደግሞ ከዘይቱ ጋር ዞሮ ብሮንዚናውን ይበላል። የጋሼም ሞተር በሳምንቱ ማንኳኳት ጀመረ። 4,000 ዶላር ውኃ በላው።

እትዬ፣ ማለትም ባለቤቱ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሠራተኛ ናት። ያኔ ሁለት ወር ያህል በደንብ አልተነጋገሩም። አሁን እኔ ስደርስ ጋሼ እንደገና 7,500 ዶላር ቆጥቧል። «በዚህኛው 500 የፈረስ ጉልበት ነው የማወጣው» ይላል። እትዬ ቡና እያፈላች ረጋ ብላ የተናገረችው ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። «መኪናዋን አልጠላትም። የምጠላው ሁለት ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ሦስተኛ የለም።»

ጋሼ መልስ አልሰጠም። ልጁ ወደ ጓዳ ገባ። እኔም ስኒዬን አገላብጬ አየሁ።

ሽማግሌውና አምስቱ ጥያቄዎች

በማግስቱ ጋሼ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰደኝ። ከውድዋርድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ በረንዳው ላይ አሮጌ ብሎክ እንደ ድንጋይ ካብ ተደርድሯል። ባለቤቱ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ የሚገዛውን ዕቃ ዝርዝር አወጣ፤ ሞተሩን ወደ 383 የሚያሳድግ ክራንክሻፍትና ፒስተን፣ ትልቅ ካምሻፍት፣ ትልቅ ካርቡሬተር... ሽማግሌው ወረቀቱን እንኳ አላዩትም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ጠየቁት።

«የት ነው የምትነዳት?» ጋሼ፦ «ውድዋርድ ላይ፤ ቅዳሜና እሑድ። ልጄም ይነዳታል።»

«ምን ዓይነት ቤንዚን ነው የምትቀዳው?» «ከተራው ማደያ።»

«ከሞተሩ ኋላ ምን አለ?» ካምቢዮውና የኋላው ዲፈረንሻል የድሮዎቹ ናቸው።

«ስትቆምስ በምን ትቆማለህ?» ጋሼ ዝም አለ። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን የድሮው ከበሮ ፍሬን ነው።

«ገንዘብህ ስንት ነው? ስንቱንስ ለማታውቀው ነገር አስቀምጠሃል?» አሁንም ዝም።

ሽማግሌው ሳቁ እንጂ አልሰደቡትም። እኔ በገባኝ መጠን ያሉት ይሄ ነው፦ 500 የፈረስ ጉልበት ቁጥር ነው፤ ሞተር ግን ቁጥር አይደለም፤ የሚያያዝ ሰንሰለት ነው። ካምሻፍቱ ትልቅ ከሆነ ዝቅ ባለ ዙር ጉልበት ያጣል፤ መብራት ላይ ይንቀጠቀጣል። ኮምፕሬሽኑ ከቤንዚኑ አቅም በላይ ከሆነ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ይፈነዳና ፒስተኑን ይሰብራል። ለብረት ቴስታታና ለማደያ ቤንዚን 9 ተኩል ለ 1 አካባቢ ይበቃል። ጉልበቱ ከተሳካ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ይበጠሳል። ዲፈረንሻሉ ከቻለ ፍሬኑ አይችልም። «ልጅህን ነው የምታስቀምጥባት» አሉት።

ካርቡሬተሩን እንኳ በሒሳብ ነው ያሳዩን። የሞተሩ ኪዩቢክ ኢንች ከፍተኛው ዙር ተባዝቶ ለ3,456 ይካፈላል፤ የሚወጣው በደቂቃ የሚያስፈልገው የአየር መጠን ነው። 355 ኪዩቢክ ኢንች በ5,500 ዙር ሲሰላ 565 ይሆናል። ጋሼ ሊገዛ ያሰበው 850 ነበር! ከመጀመሪያው ሞተር የተረፈው 600 ካርቡሬተር ጋራዥ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። እዚያው ቆመን አንድ ትልቅ ወጪ ቀረ።

«ሂድና ደብተር ግዛ» አሉት ሽማግሌው። «ብሎኩን ግን ዛሬ ተውልኝ።»

ልኬቱ ሌላ ነገር ተናገረ

ከአምስት ቀን በኋላ ተጠራን። ብሎኩ ታጥቧል፤ ስንጥቅ እንዳለው በማግኔት ታይቷል፤ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ ውፍረት በድምፅ መሣሪያ ተለክቷል። ሽማግሌው በነጭ ቾክ ብሎኩ ላይ ቁጥር ጽፈዋል።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የ350 ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 4 ኢንች ነው። የጋሼ ብሎክ ግን እሱ ከመግዛቱ በፊት አንድ ሰው አስፍቶት ኖሮ 4.040 ሆኗል። አሁን ደግሞ ተፍቋል። መልሶ ለማስፋት ቢሞከር አንደኛው ሲሊንደር ግድግዳው በጣም ይሳሳል፤ ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ጋሼ ሊያዝዝ የነበረው ፒስተን ደግሞ ለ4.030 የተሠራ ነው። ማለትም ዕቃው ተገዝቶ ቢመጣ ኖሮ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ለዚህ ብሎክ የማይሆን ነበር። ለመመለስ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ነገር አሜሪካም አለ።

ጋሼ ብሎኩን ረጅም ጊዜ አየው። የዚያች መኪና የራሷ ብሎክ ነው፤ ቁጥሩ ከመኪናዋ ጋር የሚመሳከር። እንዲህ ያለችው መኪና ሲሸጥ ዋጋዋ ከፍ ይላል። ሽማግሌው «አትጣለው። ዘይት ቀባውና ጠቅልለህ አስቀምጠው። ለመንዳት ሌላ ብሎክ እንፈልግልሃለን» አሉት። ከአንድ አሮጌ ፒካፕ የወጣ፣ ከ1986 በፊት የተሠራ፣ ሲሊንደሩ ያልተነካ 350 ብሎክ በ350 ዶላር ተገኘ።

ከዚያ ወደ ቤት ተመለስን። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። 8 ማይል መንገድ ስናቋርጥ ጋሼ «ዘንድሮ አይደርስም» አለ። ለኔ አይደለም የተናገረው።

የማድ ቤቱ ጠረጴዛ

ያን ቀን ማታ ጋሼ ከሱፐርማርኬት የገዛውን የተማሪ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እትዬ ከሥራ በፊት ፍርፍር አቀረበች። ልጁ ስክሪብቶ ያዘ። እኔ የድሮ ረዳት ነኝና አማካሪ ሆንኩ። ቴስታታ፣ ቢዬላ፣ ብሮንዚና፣ ካንዴላ እያልኩ በጣልያንኛው ስጠራ ልጁ በእንግሊዝኛው ይጽፋል፤ «እንዴ! አማርኛ መስሎኝ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ የመኪና ቋንቋችን ጣልያን ትቶት የሄደው መሆኑን ስነግረው በሳቅ ሞተ።

ሒሳቡ እንዲህ ወጣ። ከ7,500 ዶላሩ መጀመሪያ 1,500 ተነስቶ በፖስታ ታሸገ፤ «ለማናውቀው ነገር» ተብሎ ተጻፈበት። ፖስታውን እትዬ ወሰደችው። ቀጥሎ 900 ዶላር ለፊት ዲስክ ፍሬን። ሞተሩ ገና ሳይነካ ማለት ነው! የቀረው 5,100 ነው። ብሎኩ 350፤ የቶርኖ ሥራው 1,600፤ ፒስተን፣ ፋሻና ብሮንዚና ከቢዬላው እድሳት ጋር 900፤ ቴስታታ 1,150፤ ጓርኒሲዮን፣ ቡሎንና የዘይት ፖምፓ 200። ለካምሻፍቱ 900 ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ክርክር ተነሳ። በ900 ዶላር ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። ወይ እንደ ድሮው ዓይነት ርካሽ ካምሻፍት ገዝቶ በተረፈው ክራንክሻፍቱን ቀይሮ ወደ 383 ለማደግ መሞከር፤ ወይ ክራንክሻፍቱን እንዳለ ትቶ፣ በብረት ላይ ከመታሸት ይልቅ በሮለር የሚንከባለለውን ውድ ካምሻፍት መግዛት። የመጀመሪያው ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ጋሼ ስክሪብቶውን ከልጁ ተቀበለና 383 የሚለውን ሰረዘው። «355» ብሎ ጻፈ። ብሎኩ በ0.030 ኢንች ሰፍቶ የሚወጣው ልክ ነው። የሚጠበቀው ጉልበት ከ350 ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ 500 አይደለም።

እትዬ ደብተሩን አንብባ ጨረሰችና ቦርሳዋን አንጠለጠለች። በሩ ላይ ዞር ብላ «የፍሬኑን ነገር ማን አሰበው?» አለች። ጋሼ «ሽማግሌው» አለ። «እግዜር ይስጣቸው» ብላ ወጣች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ስለዚያች መኪና የተናገረችው የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው አለኝ ጋሼ።

ለኛስ ምን ይጠቅመናል?

«አንተ ደግሞ! ካማሮ የሌለን ሰዎች ምን እናድርግ?» እንዳትሉኝ። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እኛም ያለንን ሞተር አውርደን መሥራታችን አይቀርም። የአባታችሁ ኮሮላ፣ የጓደኛችሁ ቮልስ፣ እንጀራ የምትበሉባት ሚኒባስ... ቀኗን ጠብቃ «ሞተር ይውረድ» መባሏ አይቀርም። እና ከሽማግሌው የተማርኩትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሳይለካ ዕቃ አትግዙ። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን አስለኩ። ከወረደ በኋላ ደግሞ ሲሊንደሩና ክራንክሻፍቱ ምን ያህል እንደተበሉ በቁጥር አስጽፉ። «በዓይን አይቼዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ በዓይኑ አትዳኙ። በክራንክሻፍቱና በብሮንዚናው መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት እጅግ ትንሽ ነው፤ ከጸጉር ክር አይበልጥም። ዓይን ይሄን አያይም።

ሁለተኛ፣ ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የት እንደምትነዱ አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዲትሮይት 200 ሜትር እንኳ አትሞላም። አየራችን ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። «መኪናዬ ደከመች» ብላችሁ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ይሄንንም አስቡበት። ምናልባት የደከመችው ካንዴላዋ፣ የአየር ማጣሪያዋ ወይም ካርቡሬተሯ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከፍሬን ጀምሩ። መሮጥን የሚያስብ ሁሉ መቆምን አስቀድሞ ያስብ።

አራተኛ፣ ካላችሁ ገንዘብ አምስት እጁን ከፍላችሁ አንዱን እጅ አሽጉ። ለክፉ ቀን። ፖስታውንም ለራሳችሁ አትያዙ፤ እንደ እትዬ ያለ ሰው ፈልጉለት።

ሞተሩን ትቼ ላውራችሁና፣ ይሄ ነገር ለብዙ ነገራችን ይሆናል። ስንቶቻችን ነን ሱቅ ሳንከራይ ዕቃ የምናወርድ፣ ሥራ ሳንይዝ ቀለበት የምንገዛ፣ የምንሄድበትን አገር ሳናጣራ ለደላላ የምንከፍል? ጋሼ ሰነፍ አልነበረም። ከኔና ከናንተ በላይ የሠራ ሰው ነው። የጎደለው አንዲት ደብተር ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ማታ

የኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ካማሮዋ ሆዷ ባዶ ሆኖ ጋራዥ ውስጥ ቀረች። እኛ ሦስት ታጣፊ ወንበርና አንድ ፔርሙስ ሻይ ይዘን በእግር ወደ ውድዋርድ ወጣን። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም! ከዓይን እስከ ዓይን መኪና ነው። አረንጓዴ ሙስታንግ፣ ጥቁር ቻርጀር፣ ብርቱካናማ ጂቲኦ... ማርሚታቸው ሲያጓራ ደረት ውስጥ ይሰማል። ሽማግሌ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይነዳሉ፤ ልጆች ከመስኮት ያጨበጭባሉ። የቤንዚን ሽታና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ አንድ ላይ ይመጣል።

እኔ ልጁን ነበር የማየው። ቃል የተገባለት እሱ ነው። እንደሚያኮርፍ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን ይዞ ወጥቷል። ያለፈችውን መኪና ሁሉ ይመዘግባል፤ ዓመቷን፣ ሞተሯን። አንዲት ቀይ የ1969 ካማሮ ስታልፍ ተነስቶ ቆመ። ሾፌሩ ጋዙን ትንሽ ነካ አደረገለት። ልጁ ቁጭ አለና «አባዬ፣ ፍሬኗን አየኸው? ፊቷ ዲስክ ነው» አለ።

ጋሼ ሊስቅ ሲል ድምፁ ተያዘ። የልጁን ራስ ዳበሰው። «የሚመጣው ዓመት እንወጣለን» አላለም። ደብተሩን ተቀብሎ መጨረሻው ገጽ ላይ የቀረውን ሥራ በየወሩ ከፍሎ የጻፈውን አሳየው። ሴፕቴምበር ላይ ቶርኖ፣ ክረምታቸው እስኪያልፍ ግጥሚያ፣ ሜይ ላይ ፍሬን። ልጁ አንብቦ «እሺ» አለ። በቃ። ሌላ ቃል አልተፈለገም።

እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ሞተሩ ገና አልተነሳም። ጋሼ ግን በየሁለት ሳምንቱ የደብተሩን ገጽ ፎቶ ይልክልኛል፤ ከተጻፈው ሥራ ጎን የእትዬ ፊርማ አለበት። ለጋሼ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሞተሩ የሚነሳ ቀን እባክህ ቪዲዮ እንዳትደውልልኝ!»

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።